ድርጅታችን የተሸጠ ሰሞን

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር፣ ከአንድ ልብስ ሰፊ ቤት ጎን ባለች ክፍል ውስጥ ለሱቆች፣ ለመድኃኒት ቤቶችና ለሆቴሎች የዕቃ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር እንሠራ ነበር። ያለነው ሁለት ሰዎች ብቻ ነን። ባለቤቱ ፕሮግራሙን ይጽፋል፤ እኔ ደሴና ኮምቦልቻ እየተመላለስኩ ደንበኞችን አስተምራለሁ፣ ሲበላሽባቸው አስተካክላለሁ። መብራት በፈረቃ የሚጠፋበት ዘመን ስለነበር ብልሽቱ አይጣል ነው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ስልኬ ዝም ብሎ አያውቅም፤ እኔም ዝም እንዲል አልፈልግም ነበር።

አንድ ጠዋት ባለቤቱ ኮቱን ሳያወልቅ ተቀመጠና፣ “ሸጥኩት” አለኝ።

“ምኑን?”

“ድርጅቱን። ባለቤቴ በሥራ ወደ ባሕር ዳር ተዛውራለች፤ እኔም መከተሌ ነው። አንቺ ግን ሥራሽ ላይ ነሽ፤ ተነጋግረንበታል።”

የገዛው በእኔ ዕድሜ ያለ፣ አዲስ አበባ ተምሮ የተመለሰ የደሴ ነጋዴ ልጅ ነው። ባለቤቱ እኔን ቢጠይቀኝ ኖሮ የምገዛበት አቅም አልነበረኝም። ግን እንዲጠይቀኝ ፈልጌ ነበር። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት አንድም ደንበኛ ሄዶ አይቶ የማያውቅ ሰው የእኔን ደንበኞች በአንድ ፊርማ ወሰዳቸው፤ እኔም ከወንበሮቹ ጋር አብሬ የተቆጠርኩ መሰለኝ።

እኛ ሳንነግራቸው ደንበኞቹ ሰሙ። መጀመሪያ የደወለችው ኮምቦልቻ መድኃኒት ቤት ያላት ወዳጄ ናት። “የትኛው መድኃኒት ጊዜው ሊያልፍ እንደሆነ የሚነግረኝ ይኼ ፕሮግራም ነው። አዲሱ ሰውዬ አልሠራበትም ብሎ ቢተወውስ? ማን ይመጣልኛል?” አለች።

እዚሁ ደሴ ፒያሳ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጡት ሐጂ ግን በስልክ አላወሩም፤ አስጠሩኝ። በየረመዳኑ ከቴምራቸው የሚያካፍሉኝ፣ የገራዶ ቄስ ልጅ መሆኔን እያወቁ “ልጄ” እንጂ በሌላ ጠርተውኝ የማያውቁ ሽማግሌ ናቸው።

“የዚህ ልጅ አጎት ኮምቦልቻ ላይ እኔ የምሸጠውን ነው የሚሸጠው” አሉኝ። “ከማን እንደምገዛ፣ ለማን እንደምሸጥ ያለው እዚህ ኮምፒዩተር ውስጥ አይደለም ወይ?”

“ነው፣ ሐጂ።”

“እንግዲያ የቤቴን ቁልፍ ለባላንጣዬ ሰጡብኝ ማለት ነው።”

በአፌ አይዞዎት አልኳቸው። በልቤ ግን ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ሰዎቹ የሚያምኑት እኔን እንጂ እሱን እንዳልሆነ ገዢው ሊያይ ነው ብዬ ነው።

አዲሱ ባለቤት በመጣ በሳምንቱ ከደንበኞች ጋር አስተዋውቂኝ አለኝ። ሆን ብዬ መጀመሪያ ሐጂ ጋ ወሰድኩት።

ገና ከበሩ “አሰላሙ አለይኩም” ሲል ሐጂ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። የማን ልጅ እንደሆነ ጠየቁት፤ ከአባቱ አልፈው አያቱ ጋ ደረሱ። አያቱ ከየመን መጥተው ጨርቅ ይነግዱ የነበሩ ሰው ኖረዋል፤ ሐጂም በልጅነታቸው ያውቋቸዋል። ወሬው ሲደራ እኔ የፍሬን ሸራ ካርቶን ላይ ተቀምጬ ጣቶቼን አያለሁ። ስንት ዓመት ተመላልሼ ያገኘሁትን ቦታ እሱ በአያቱ ስም ብቻ ገብቶ ተቀመጠበት።

ደግነቱ ሐጂ አልረሱም። “አጎትህስ?” አሉት።

“አጎቴን ልክደው አልችልም” አለ ልጁ። “እርስዎ ግን እኔን ማመን የለብዎትም። ፓስወርዱን አሁን ራስዎ ይቀይሩት፤ እኔ ፊቴን አዞራለሁ። ለጥገና ስንመጣ ከቤትዎ ሰው አጠገባችን ይቀመጥ። ይህም ካልበቃዎ ያለዎትን ሁሉ ገልብጬ እሰጥዎትና ፕሮግራሙን አጠፋዋለሁ። አልቀየምዎትም።”

ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ። “ምን ትያለሽ ልጄ?”

“እንዳለው ይቻላል” አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? ያናደደኝ መልሱ ጥሩ መሆኑ ነው። ያንን መልስ ይዤ ቀድሜ መሄድ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

ክረምቱ ከገባ በኋላ የሐጂ ኮምፒዩተር መብራት ሄዶ ሲመጣ አልነሳ አለ። የደወሉት ለእሱ ነው። ለእኔ አልደወሉም። ይህን የሰማሁት ሥራው ካለቀ በኋላ ነው፤ ምሳዬን ሳልበላ ፒያሳ ሄድኩ።

“ሐጂ፣ ተቀየሙኝ?”

“በምን?”

“ኮምፒዩተሩ ሲበላሽ አልጠሩኝም።”

ፈገግ አሉ። “አንቺ እንደምትመጪማ አውቃለሁ። እሱ መምጣት አለመምጣቱን ነው ያላወቅኩት።”

“መጣ?”

“ወላሂ፣ በዚያ ዝናብ መጣ። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሶ።”

ንግግራቸው ትንሽ አበረደኝ እንጂ ቅናቴን አላጠፋውም። በዝናብ መምጣቱ ራሱ ከነከነኝ።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን የመድኃኒት ቤቷ ወዳጄ “እሷ ካልመጣች ሰው አልፈልግም” ስላለች ከአዲሱ ባለቤት ጋር አብረን ኮምቦልቻ ወረድን። ሠርተን ስንመለስ ሚኒባሱ የሐረጎን ጠመዝማዛ ዳገት እየተንፏቀቀ ሲወጣ፣ ከጎኔ ተቀምጦ ጉሙን ሲያይ ቆየና፣ “አንድ ነገር ልንገርሽ” አለ። “የትም ስገባ ሰዎቹ እኔን አያዩም። ከኋላዬ በሩን ነው የሚያዩት፣ አንቺ ተከትለሽኝ እንደሆነ። እውነቴን ነው፣ እቀናብሻለሁ።”

“ሐጂ ግን የደወሉት ለአንተ ነው” አልኩት።

ዞር ብሎ አየኝ። “ሰሞኑን ሰላምታሽ የቀዘቀዘው ለዚህ ነው?”

“ለዚህ ነው።”

ሳቀ። እኔም ሳላስበው ሳቅኩ።

አንድ ባለ ሆቴል ብቻ ትቶን ሄደ፤ ሌሎቹ ደንበኞች ቆዩ። እኔም የመጀመሪያ ልጄን እስክወልድ ድረስ አብሬው ሠራሁ፤ መጥፎ አለቃ አልነበረም። ቅናቱ ግን እንዲህ በአንድ ጉዞ የሚወጣልኝ አልሆነም። ብቻውን ኮምቦልቻ ደርሶ ሲመለስ፣ ስለ ሥራው የምጠይቅ መስዬ መድኃኒት ቤት እንዴት ናቸው እለዋለሁ። ደህና ናቸው ይለኛል። ወዳጄ ስለ እኔ ጠይቃ እንደሆነ ግን ራሱ እንዲነግረኝ እጠብቃለሁ እንጂ አልጠይቀውም ነበር።