አንድ ክንድ ከስንዝር

ባለፈው ሳምንት ለፍራሽ ማሰሪያ ሲባጎ ልገዛ ሄርማታ ገበያ ገባሁ። ባለሱቁ ከጥቅሉ እየሳበ፣ ሁለት እጁን ግራና ቀኝ ዘርግቶ በደረቱ ላይ እየለካ «አንድ፣ ሁለት» ሲል ያ የቃጫ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። የደረቀ ሣር ሽታ ነው፣ ትንሽ ናፍጣ ናፍጣ የሚል። ቆርጦ ሲሰጠኝ ጣቶቼ ሳላዛቸው ሲባጎውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳበሱት። ቋጠሮ ይፈልጉ ነበር። ባለሱቁ እንዳላማው ብሎ «አዲስ ነው እኮ እህቴ፣ የተቀጠለ አይደለም» አለኝ። እኔ ግን ሐሳቤ ኪቶ ፉርዲሳ ሄዷል። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ገና ጭቃ ባልተመረገበት ቤት መሐል ቆሜያለሁ።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። እዚያው ሄርማታ፣ አንድ የጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን አስቀምጦ የሰፈሩን ሱሪ ሲያሳጥር ኖረ። እኛም ከሱቁ ጀርባ ኪራይ ቤት ተወልደን ኪራይ ቤት አደግን። ከተማው ዳር፣ ኪቶ ፉርዲሳ፣ የራሳችን የምንለውን ቦታ ያገኘን ዓመት፣ የእሱም ስኳር በሽታ ባሰበት። አዲስ አበባ አጎቴ ጋ ተቀምጦ ሊታከም ሆነ። «ለስኳሩ ነው» ተባልን። እኔ የመልቀቂያ ፈተና የምወስድበት ዓመት ስለነበር ከዚህ በላይ አልተነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም።

ከመሄዱ በፊት በነበሩት ሳምንታት ከሥራ ሲመለስ፣ ፀሐይዋ ጣሪያው ላይ ሳለች፣ ግቢ ውስጥ መራመድ ጀመረ። እናቴ «ሐኪሙ የእግር ጉዞ አዞለታል» አለችን። አረማመዱ ያስቃል። አምስት ይራመዳል፣ ይቆማል፣ ወደ ግራ ይዞራል፣ ሰባት ይራመዳል፣ ደግሞ ይቆማል። ከዚያ ተመልሶ ያንኑ ነው። ታናሽ እህቴ ከኋላው ተከትላ እንደ ወታደር እግሯን እያነሳች ታሾፍበት ነበር፤ እሱም ሰምቶ እንዳልሰማ ይስቃል እንጂ ከቁጥሩ ዝንፍ አይልም። አሁን ሳስበው እኔም አብሬ መሳቄ ያመኛል።

ሊሄድ ሁለት ቀን ሲቀረው ቦታው ላይ ወሰደኝ። የባሕር ዛፉ ጉቶ ገና አልተነቀለም፤ ቤቱን እዚያው ቀይሶ ካስማ ለመትከል አይመችም ነበር። ስለዚህ ዳር ዳሩን፣ ደልደል ያለው መሬት ላይ፣ ጫማውን አውልቆ በካልሲ እየተራመደ የእያንዳንዱን ክፍል ልክ በሲባጎ ወሰደ። እርምጃውን ቆጥሮ ይቆማል፣ ይንበረከካል፣ ይቋጥራል። ከጓዳው በኩል ሁለት መኝታ ቤት ጎን ለጎን አለ፤ አንዱ የእነሱ፣ አንዱ የእኔና የእህቴ።

«ልብስ ሰፊ ሆነህ ሜትር አጣህ?» ብዬ ቀለድኩበት።

«ሜትር ቁጥር ነው፤ ይሄ ግን እጅ ላይ ይቀራል» አለና ሲባጎውን ጠቅልሎ ሰጠኝ። «አናጢው መሬቱ ሲጸዳለት ትሰጪዋለሽ። እስከዚያ አንቺ ጋ ይሁን፤ ማንም እንዳይነካው።»

እውነቱን ልንገራችሁ፤ የነካሁት እኔ ነኝ። ጠረጴዛ እፈልግ ነበር። በሕይወቴ የራሴ ጠረጴዛ ኖሮኝ አያውቅም፤ ያጠናሁት ሁሉ የጤፍ ጆንያ ላይ ወይም አልጋ ላይ በሆዴ ተኝቼ ነው። በሲባጎው ሳሰላው የእኛ ክፍል ሁለት አልጋ ይችላል፤ ለጠረጴዛ ግን ቦታ አይተርፈውም። የእነሱ ደግሞ ለአንድ አልጋና ለአንድ ቁም ሣጥን ምን ያደርግላቸዋል አልኩ። ከትምህርት ቤት መልስ ቤት ማንም ሳይኖር፣ ሁለቱን መኝታ ቤቶች የሚለየውን ቋጠሮ በጥርሴ ፈታሁት። አንድ ክንድ ከስንዝር ወደ እነሱ ገፋ አድርጌ መልሼ ቋጠርኩት። ጥፋት መስሎ አልተሰማኝም። ቤቱ የሁላችንም አይደል?

አናጢው የሸቤ ሰው ነበሩ፤ ዕድሜያቸው የገፋ፣ በሥራ ላይ ብዙ የማይናገሩ። ሰኞ ማለዳ መጥተው ሐሙስ ከሰዓት ለጁምዓ ወደ አገራቸው ይመለሳሉ። መሬቱ የጸዳ ዕለት ሲባጎውን ሰጠኋቸው። በአውራ ጣታቸው እያንዳንዱን ቋጠሮ እየጫኑ ሄዱና የእኔው ላይ ሲደርሱ ቆሙ። የአባቴ ቋጠሮዎች እንደ ጠጠር የጠነከሩ ነበሩ፤ የእኔው ልል ነው።

«ኢንተለ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ይሄን ማነው ያሰረው?»

«አባቴ ነዋ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

ትክ ብለው አዩኝ። «ቶሌ፣ እሺ» አሉና ካስማ መትከል ጀመሩ። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ቋጠሮ አንዳችንም ትንፍሽ አላልንም፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆነን ከረምን።

ቤቱ ቶሎ ቶሎ ወጣ። እናቴ ሆስፒታል ልብስ እጥበት ስለምትሠራ መምጣት የምትችለው ቅዳሜ ብቻ ነበር፤ በየቀኑ የምከታተለው እኔ ነኝ። ከትምህርት ቤት ስወጣ በባጃጅ እሄዳለሁ። ቋሚው ተተከለ፣ ማገሩ ተመታ፣ ጣሪያው ተዋቀረ። እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲላጥ የሚሸተውን ሽታ፣ ቆርቆሮ ላይ ሚስማር ሲመታ ጆሮ ውስጥ የሚቀረውን ጩኸት፣ በማገሩ ክፍተት እየገባ መሬቱን የሚቆራርጠውን ብርሃን ወደድኩት። በኋላ ጉድጓድ ተቆፍሮ ጭቃው ከጭድ ጋር ተቦካ። ሲኮመጥጥ ሰፈሩ ሁሉ ይሸተው ነበር፤ እኔ ግን አይከረፋኝም።

አባቴ ጋ በየቀኑ እደውላለሁ። ጥያቄዎቹ ግራ ያጋቡኝ ነበር። ያምራል ወይ፣ ምን ይመስላል ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። «የሳሎኑ በር ደፍ ስንት ጣት ነው?» ይላል። «የመኝታ ቤታችን በር የሚከፈተው ወደ ውስጥ ነው ወደ ውጭ?» ይላል። እኔ በአጎቴ ስልክ ፎቶ በፎቶ አደርገዋለሁ፤ እሱ «ቆንጆ ነው» ከማለት አያልፍም። አንድ ቀን ቸኩዬ በስሕተት የጎረቤታችንን የከብት በረት ፎቶ ላክሁለት። ስደውል «በጣም ቆንጆ ሆኗል፣ እጃችሁ ይባረክ» አለኝ። ተቀየምኩት። ቤቱ ግድ አልሰጠውም ብዬ፣ ሁለት ቀን ሳልደውል ቀረሁ።

ሰማዩ በየከሰዓቱ መጥቆር ጀመረ። አባቴ ሐሙስ ይመጣል ተባለ፤ ምርጊቱም ሰኞ ሊጀመር ነው። ቅዳሜ እናቴ መጣች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ክፍሎቹን አንድ በአንድ ዞረችና የእሷና የአባቴ መኝታ ቤት ገባች። አልጋው የሚሆንበት ቦታ ላይ ቆመች። ከዚያ ዓይኗን ጨፈነች።

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣» አለች እየተራመደች። አምስት ልትል እግሯን ስታነሳ ግንባሯ ማገሩን መታው።

ዓይኗን ገልጣ ማገሩን እንደ ሰው አየችው። ተመልሳ እንደገና ቆጠረች። እንደገና አራት ላይ ግድግዳ።

«አምስት ነው ያለኝ» አለች። «ከአልጋው አምስት፣ ከዚያ ወደ ግራ፣ በሩ። አምስት ነው ያለኝ እኮ!»

እኔ ያን ጊዜ ገባኝ። ያ የግቢው እርምጃ፣ አምስት ብሎ ወደ ግራ የሚዞረው፣ ሰባት ብሎ የሚቆመው።

«እማዬ፣ አባዬ ምን ሆኗል?»

የተረፈው ጣውላ ላይ ቁጭ አለች። «ጥላ ጥላውን ብቻ ነው የሚያየው» አለችኝ። «ስኳሩ ዓይኑን በላው። አዲስ አበባም ያሉት ይኸንኑ ነው። ለፈተናሽ ብለን ነው የደበቅንሽ። ‹ዓይኔ ሳይጠፋ ቤቴን ልልመደው፣ በሰው እጅ ተመርቼ ሽንት ቤት አልሄድም› ብሎ እኮ ነው ያን ሁሉ የለካው።» ከዚያ ወደ ላይ ቀና ብላ «ይሄ አናጢ ግን ምን ነካው?» አለች።

አናጢው ምንም አልነካቸውም ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ያን ቀንም፣ እሑድም፣ ከእሷ ዓይን እየሸሸሁ ዋልኩ። ፈሪ ነበርኩ፤ አሁንም ይሄን ስናገር ፊቴ ይቀላል።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ቀርቼ በጠዋት ሄድኩ። አናጢው ጭቃ የሚረግጡትን ሰዎች እያዘዙ ነበር። ወደ ጎን ጠራኋቸውና አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። እያለቀስኩ ስለነበር ግማሹን የሰሙት አይመስለኝም።

«አውቃለሁ» አሉ። «ያን ቀን በእጄ አውቄዋለሁ። ግን ልጅ ለቤቷ የፈለገችውን አድርጋ አባትም ፈቅዶላት ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ። ዓይኑን ግን፣ ወላሂ፣ አልሰማሁም። ብሰማ ካስማውን አልተክለውም ነበር።»

«ጋሼ፣ በእግዚአብሔር፣ ግድግዳውን ይመልሱልኝ። ሐሙስ ይመጣል።»

ቀና ብለው ጣሪያውን፣ ከጣሪያው ማዶ ደግሞ ሰማዩን አዩ። የዚያ ግድግዳ ቋሚዎች ጣሪያውን ተሸክመዋል። እነሱን ለመንቀል ቆርቆሮው መነሳት አለበት፤ ተነስቶ ሳለ ዝናብ ከመጣ ደግሞ ያልተመረገው ቤት ውስጡ ሁሉ ይበሰብሳል። «ይነቀላል» አሉኝ በመጨረሻ። «ግን በአንቺ ቃል አንዴ ሠርቻለሁ። አሁን በአባትሽ ቃል ነው የምነቅለው። ደውዪለት። ሰዎቹን አስቆማለሁ።»

ጭቃ ረጋጮቹ እግራቸው እስከ ጉልበት ጭቃ ውስጥ ሆኖ ቆመው አዩኝ። ከኪቶ ፉርዲሳ ማዶ ነጎድጓድ አጉረመረመ። ደወልኩ። አባቴ አጠገብ ብሆን ብዬ ተመኘሁ፤ ደግሞ ስልኩን እንዳያነሳው እጸልይ ነበር። አነሳው።

«አባዬ፣ ቋጠሮህን ፈትቼዋለሁ» አልኩት። «የእናንተን ክፍል አሳጥሬ ወደ እኛ ወስጄዋለሁ። ጠረጴዛ ፈልጌ ነው። አምስቱ አራት ሆነ። ስለ ዓይንህ አላወቅሁም፣ አባዬ፣ እውነቴን ነው አላወቅሁም።»

በስልኩ ውስጥ የአዲስ አበባ መኪና ይሰማኛል።

«በስንት ገፋሽው?» አለ።

«በአንድ ክንድ ከስንዝር።»

«በማን ክንድ?»

«በእኔ።»

«ያንቺ ክንድማ አጭር ነው» አለ። ከዚያ «ጠረጴዛው ገባ?» አለኝ።

«ይገባል።»

«ዝናብ አለ?»

«ሊመጣ ነው።»

«እንግዲያው ጣሪያ እንዳይነካ በያቸው። ይመርጉት።» እንቢ ብዬ ሳለቅስበት ተቆጣ። «ስሚኝ! ስንት ሰው ሱሪ ያሳጠርኩ ሰውዬ አንድ እርምጃ ማሳጠር ያቅተኛል? በያቸው ይመርጉት።»

ነገርኳቸው። አናጢው «አልሐምዱሊላህ» ይሁን «አስተግፊሩላህ» ያሉት አልሰማሁም፤ በእጃቸው ለሰዎቹ ምልክት ሰጡ። የመጀመሪያው ጭቃ ጥፍ ብሎ ያ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ጀርባዬን አዞርኩ።

ሐሙስ አባቴ መጣ። ገና እርጥብ ግድግዳ እየዳበሰ፣ ጣቱ ጭቃ ሆኖ፣ ሲያመሰግን ዋለ። ስለ ቋጠሮው ለእናቴ የነገርኳት እኔው ነኝ፤ እሱ ለማንም አላነሳውም። ከገባን በኋላ ግን እግሩ አምስቷን መርሳት አቃተው። ጠዋት ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ ሳጠና ከግድግዳው ማዶ አልጋው ሲንቋቋ እሰማለሁ፣ ከዚያ እርምጃውን፣ ከዚያ ድም የሚል ድምፅ። በመጀመሪያው ቀን እየጮህኩ ልሮጥ ተነሳሁ።

«ተቀመጪ» አለኝ ከማዶ። «ሰላም ልልሽ ነው እንጂ።»

በማግስቱም ድም ሲል «እንደምን አደርሽ» አለኝ። በሦስተኛውም ቀን። ግንባሩ ላይ ያበጠውን ቁርስ ላይ አየዋለሁ፤ እሱ እንዳላየሁ ያስመስላል፣ እኔም «እግዚአብሔር ይመስገን» እያልኩ ሰላምታውን እቀበላለሁ። ውሸቱን ነው የምቀበለው። ብዙ ሳምንት እንዲህ አደርን።

ፈተናው የደረሰ ሰሞን አንድ ጠዋት አልጋው ተንቋቋ፣ እርምጃውም ተሰማ። ትከሻዬን ሰብስቤ ጠበቅሁ። አራት ላይ ቆመ። ወደ ግራ ሲዞር እግሩ መሬቱን ሲያሽ፣ በሩም ሲከፈት ሰማሁ። ከክፍሉ ወጣ። ደስ ሊለኝ ሲገባ፣ ዛሬ ሰላም አላለኝም አልኩ። እርምጃው ሳሎን መሐል ሲደርስ ግን ቆመ። ተመለሰ። ወደ ክፍሉ ገብቶ ግድግዳው ጋ መጣና በጣቱ ጀርባ ሁለቴ መታ መታ አደረገው።

«አለሽ?» አለኝ።

«አለሁ፣ አባዬ።»

«በይ አጥኚ» አለኝ።