በበግ ፊት ቢላዋ አይሳልም

አባቴ ደሴ ሰኞ ገበያ አጠገብ ሥጋ ቤት ነበራቸው። ሰርግም ይሁን ሶደቃ የሰፈሩን በግ የሚያርዱት እሳቸው ነበሩ። አንድ ጥብቅ ደንብ ነበራቸው፤ ቢላዋ በበግ ፊት አይሳልም። ከጋቢያቸው ሥር ደብቀውት ይቀርባሉ፣ የበጉን ዓይን በግራ እጃቸው ሸፈን ያደርጋሉ፣ ቢስሚላሂ ብለው ይጨርሳሉ። አንድ ቀን ቢላዋውን ሳልሸፍን ባቀብላቸው ተቆጡኝ። «አንቺ ልጅ! ሞቱን አስቀድመሽ ለምን ታሳይዋለሽ? እንስሳም ይፈራል እኮ!»

ሕመማቸው በራስ ምታት ጀመረ። ከዚያ ጧት ጧት ማስታወክ መጣ። ዘመድ ሁሉ ሐኪም ሆነ፤ ዋግምት ተደረገላቸው፣ ዱዓ ተደረገላቸው፣ የሰው ዓይን ነው ተባለ። በኋላ ቀኝ እጃቸው ዛለ። በአረፋ ዕለት የሰው በግ ሲያርዱ ቢላዋው በመሐል ከእጃቸው ወደቀ፤ በጉ እየተፈራገጠ ጎረቤት ቢላዋውን አንስቶ ጨረሰው። ባለቤቱ ሐላልነቱን ተጠራጥሮ ሥጋውን ለውሻ ሰጠው። ከዚያ ወዲያ እንዲያርዱ የጠራቸው የለም። አባቴን ከሕመሙ ይልቅ የገደላቸው ይሄ ይመስለኛል።

የደሴው ሐኪም ራሳቸው ውስጥ ዕጢ ሳይኖር አይቀርም፤ አዲስ አበባ ውሰጃቸው አለኝ። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ያለ ቀበሌ የይለፍ ወረቀት ከከተማ መውጣት የለም። የቀበሌው ሊቀ መንበር ስብሰባ ላይ ናቸው እየተባልኩ ስመላለስ ሰነበትኩ። ዕጢ ግን ስብሰባ እስኪያልቅ አይጠብቅም፤ ያኔ የተናደድኩት ንዴት ዛሬም አልወጣልኝም።

አዲስ አበባ ያገኘነው ሐኪም ነገሩን ለእኔ አስረዳኝ። ራስ ውስጥ ያለ ዕጢ በተራ ራጅ አይታይም። ስለዚህ አንገት ላይ ባለው ትልቅ የደም ሥር መርፌ ይገባና ራጅ ላይ የሚታይ ፈሳሽ ይረጫል፤ ወዲያው ፎቶ ይነሳል። ዕጢው ቢደበቅ እንኳ ከቦታቸው የገፋቸው የደም ሥሮች ያሳብቁበታል። ላይ ላዩን ከሆነ በቀዶ ጥገና ይወጣል አለኝ። ተስፋዬ ሁሉ እዚያች «ከሆነ» ላይ ተንጠለጠለ።

አባቴ አንገት የሚለውን ሲሰሙ ፊታቸው ጠቆረ።

«አንገትን እኔ አውቀዋለሁ» አሉ። «እዚያ የተከፈተ አይዘጋም።»

«ታዲያ አባባ፣ ምን እንደያዘዎት ሳይታወቅ ይሙቱ?» ብዬ ጮህኩባቸው።

አንገታቸውን በግራ እጃቸው ዳበሱ። በመጨረሻ «እሺ። ብቻ መርፌውን እንዳያሳዩኝ ንገሪልኝ» አሉ። ለነርሷ ነገርኳት፤ ሳቀች። እኔ ሳቅ አልመጣልኝም። በሩ ሳይዘጋ ያየሁት ትከሻቸው ሥር ትራስ ገብቶ አንገታቸው ወደ ኋላ ሲለጠጥ፣ ዓይናቸው በጨርቅ ተሸፍኖ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ነው።

ሐኪሙ የራጁን ፊልም መብራት ላይ ሰቀለው። መሐል ለመሐል ቀጥ ብሎ መሄድ የነበረበት የደም ሥር ወደ ቀኝ ተገፍቶ ጎብጧል። ዕጢው ትልቅ ነው፣ ሥሩም ጥልቅ፤ ቢነካ ይብሳል አለኝ። ይህን ለታማሚ ማን ይነግራል? በእኛ ዘንድ መርዶ ለባለቤቱ አይነገርም። «ምንም አልተገኘም፤ በኪኒን ይሻልዎታል» አልኳቸው። «አልሐምዱሊላህ» አሉ። ፊልሙን ሻንጣዬ ውስጥ ከልብስ ሥር ቀበርኩት።

ስንመለስ ኮምቦልቻ ኬላ ላይ ከአውቶቡስ አወረዱን። ወታደሩ ሻንጣዬን ሲበረብር ፊልሙን አገኘው።

«ይሄ የምን ካርታ ነው?»

«የአባቴ ራስ ነው» አልኩ።

ሽቅብ ለፀሐይ ዘረጋው። አባቴ ከጎኔ ቆመው አንጋጠው አዩት፤ ወታደሩ አይቶ ሲጨርስ እንኳ ዓይናቸውን አልነቀሉም። ተቀብዬ መልሼ ከልብስ ሥር ደበቅኩት።

አውቶቡሱ የሐረጎን ዳገት ሲይዝ በደህናው እጃቸው እጄን ያዙኝ።

«ያ መሐሉ ላይ ያለው የደም ሥር ጎብጧል አይደል?»

«ኪኒኑን ከዋጡ እኮ...» ብዬ ጀመርኩ።

«ተይ ልጄ። ደግ አደረግሽ። መደበቁን ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ።»

እንባዬ መጣ፤ ልደብቀው አልቻልኩም። የደሴ ቤቶች መታየት እስኪጀምሩ እጄን አልለቀቁም። ከዚያ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ እንዲህ አሉኝ፦

«በጉም ሁልጊዜ ያውቅ ነበር መሰለኝ።»