ኔትወርክ ሲጠፋም የሚሠራው

ያሰሩኝ የሩዝ መጋዘን ውስጥ ነበር። የገለባው ብናኝ ከላብ ጋር አንገቴ ላይ እየተጣበቀ ያሳክከኛል። ወረታ ከተከራየሁት ክፍል በጠራራ ፀሐይ ነው የጸጥታ ኃይሎች ከነኮምፒውተሬ ጭነው ያመጡኝ።

ቀድመውኝ የታሰሩ አንድ የፎገራ ገበሬ "ምን አድርገህ ነው ልጄ?" አሉኝ።

"የከብት በሽታ ምልክትና መላውን በስልክ የሚያሳይ መተግበሪያ እየሠራሁ ነበር።"

"ይኸ ያሳስራል?"



ከሐሙሲት ከመጣች ባልደረባዬ ጋር ሥራውን ስንጀምር አጥብቀን የተከራከርነው በፍሬምወርኩ ምርጫ ነበር፤ መተግበሪያው በሚገነባበት ዝግጁ ማዕቀፍ። አንደኛው መልኩ ያማረ ነው፤ ያለ ኢንተርኔት ግን ንቅንቅ አይልም። ሌላው ቀለል ያለ ሆኖ፣ በብሮውዘር አንዴ የተከፈተውን ገጽ ስልኩ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ክረምት ፎገራ ሜዳ ላይ ውኃ ሲተኛ ኔትወርክ አይገኝም። ሁለተኛውን መረጥን።

መርማሪው ወጣት ነው። ኮምፒውተሬን ከፍቶ ኮዱን እንደ ባለሙያ አነበበ፤ ገጹን ስልኩ ውስጥ የሚያስቀምጠው መስመር ላይ ሲደርስ ጣቱን አሳረፈ።

"ኔትወርክ ሲዘጋም እንዲሠራ ያደረግኸው ለምንድን ነው?"

"ሜዳው ላይ ኔትወርክ ስለሌለ።"

"እንደሚዘጋ ማን ነገረህ?"

"ማንም አልነገረኝም።"

"ልጅቷ ናት የመረጠችው በል፤ ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ። ይችንም መስመር አጥፋት።" ኮምፒውተሩን ወደ እኔ ገፋው።

በታሰረ እጄ ክዳኑን ዘጋሁት።

"የመረጥሁት እኔ ነኝ። አላጠፋም።"

ወደ መጋዘኑ ስመለስ ግራ ጆሮዬ ይጮህ ነበር። ገበሬው የሆነውን ሰምተው ፊታቸው ጠቆረ። "ታዲያ ከብታችን ሲታመም ፈቃድ ልንጠይቅ ኑሯል?" አሉና የጋቢያቸውን ግማሽ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉልኝ።

በኋላ ያለ ክስ ለቀቁኝ። ኮምፒውተሬን አልመለሱልኝም። ከባልደረባዬ ጋር ሁሉንም ከሀ ጀምረን እንደገና ጻፍነው፤ በዚያው ፍሬምወርክ። ዛሬ ገበሬዎች ይጠቀሙበታል።

"አለፈ፤ ተወው" የሚሉኝ አሉ። አልተውም። ያ መርማሪ ባያውቅ ኖሮ ንዴቴ በበረደልኝ ነበር። ኮዱን ሲያነብ ግን ፊት ለፊቱ ተቀምጬ አይቼዋለሁ። እውነቴን እንደሆነ ያውቅ ነበር።