አንዱ አንድም ሲወድቅ

አባቴ ፒያሳ፣ ከጊዮርጊስ ጀርባ በነበረችው ቤታችን፣ የመጻሕፍት ትርጓሜ ያስተምሩ ነበር። አንዲቱን የመጽሐፍ ቃል ይይዙና «እንዲህ ማለት ነው፤ አንድም እንዲህ ማለት ነው፤ አንድም…» እያሉ ይደረድራሉ። አንዱ አንድም ሌላውን አያባርረውም፤ ሁሉም ጎን ለጎን ተከብሮ ይቀመጣል። ሴት ስለሆንኩ ከደቀ መዛሙርቱ ጋር አላስቀመጡኝም። ቢሆንም ጓዳ ሆኜ ሽንኩርት እየላጥኩ የሰማሁት ደጅ ተቀምጠው ከሚያንቀላፉት ከአንዳንዶቹ ይሻላል።

አራት ኪሎ ገብቼ ፊዚክስ ስማር ያ ጆሮዬ አብሮኝ ሄደ። የመመረቂያ ጽሑፌን በኳንተም ሜካኒክስ፣ በጥቃቅን ቅንጣቶች ሕግ፣ ትርጓሜዎች ላይ ስጽፍ ሳይታወቀኝ እንደ አባቴ ደረደርኩት። ቅንጣቷ እስክትለካ ድረስ ቁርጥ ያለ ቦታ የላትም፤ አንድም ከመነሻዋ ጀምሮ መልሷን በጉያዋ ይዛ ትዞራለች፣ የማናየው እኛ ነን፤ አንድም ከሩቅ ጓደኛዋ ጋር የሚያገናኛት ስውር ማዕበል ይመራታል። ሦስቱም ያንኑ ውጤት ይሰጣሉ ብዬ ደመደምኩ። ሁለተኛዋን በተለይ ወድጃት ነበር። ጨዋ ናት፤ ግራ አታጋባም።

ጽሑፉ የዋዛ አልነበረም። በደንብ ያቀረበ ተመራቂ በረዳትነት እዚያው አራት ኪሎ ይቀራል፤ ሌላው ምደባውን ይጠብቃል። በደርግ ጊዜ ምደባ የት እንደሚጥል ደግሞ አይታወቅም። እናቴ ካረፈች ወዲህ በቤቱ ያለነው እኔና አባቴ ብቻ ነን፤ ዓይናቸውም እየደከመ ነበር። ጥያቸው መሄድ አልፈልግም ነበር።

አማካሪዬ ጽሑፉን ሲመልሱልኝ ሁለተኛዋ ትርጓሜ ላይ በቀይ አስምረውባታል።

«ይቺ ያንኑ ውጤት አትሰጥም» አሉኝ። «ፈረንጆቹ በቅርቡ ሞክረዋት ወድቃለች። ሂጂና አንብቢ።»

አነበብኩ፤ ተናደድኩም። ከአንድ ምንጭ የወጡ ሁለት የብርሃን ቅንጣቶች በተቃራኒ አቅጣጫ ይሄዳሉ፤ በየጫፉ የሚጠብቃቸው መለኪያ አቅጣጫው እየተለዋወጠ የየራሳቸውን ጥያቄ ይጠይቃቸዋል። ለአባቴ ሳስረዳ ግን የውቤ በረሃ ልጆች አደረግኳቸው።

«ሁለት ወንድማማቾች አምሽተው ለእናታቸው የሚሉትን ተስማምተው መጡ እንበል፣ አባባ። እናትየው ለየብቻ አስገብታ ድንገት የመጣላትን ትጠይቃቸዋለች። አስቀድመው የቱንም ያህል ቢመክሩ መልሳቸው የሚገጥምበት ልክ አለው። ቅንጣቶቹ ግን ከልኩ በላይ ገጠሙ።»

«በግድግዳ ይነጋገሩ ይሆናላ።»

«እሷ ሦስተኛዋ አንድም ናት። የመጀመሪያዋ ደግሞ ሳይጠየቁ በፊት መልሱ ራሱ አልነበረም ትላለች። ሁለቱ ቆመዋል። ተመካክረው መጡ ብቻ የምትለዋ ወደቀች።»

አባቴ ዕድሜ ልካቸውን አንድም ሲጨምሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ መቀነስ አልለመዱም።

«የቀሩትንስ ሙከራችሁ አይለያቸውም?» አሉ።

«እስካሁን አልለያቸውም። በምናውቀው ሙከራ ሁሉ ያንኑ ቁጥር ነው የሚሰጡት።»

«እንግዲያስ እናንተም ላይ ቤትና ታች ቤት አላችሁ» ብለው ሳቁ። በጎንደር በትርጓሜ የተለያዩትን ሁለቱን ወገኖች ማለታቸው ነው። እኔም አብሬያቸው ሳቅኩ፤ ንዴቴም በዚያው ለቀቀኝ። ጽሑፉን እንደገና ጻፍኩት።

በማቀርብበት ቀን አባቴ ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ጥምጥማቸውን አሳምረው መጥተው ከኋላ ተቀመጡ። ከግድግዳው ላይ የአብዮቱ ጢማም ፈረንጆች ቁልቁል ያዩናል። ከፈታኞቹ አንዱ የፍልስፍና መምህር ነበሩ።

«ከቀሩት ሁለቱ፣ ቅንጣቷ በስውር ማዕበል እየተመራች ሳትታይም ቦታ አላት የምትለዋ ከአብዮታችን ፍልስፍና፣ ከቁሳዊነት ጋር ትስማማለች» አሉ። «ትክክለኛዋ እሷ አይደለችም?»

አዎ ብል ይቀለኝ ነበር።

«ትስማማ ይሆናል፣ ጓድ። ግን ሁለቱን የለየ ሙከራ የለም። አንደኛዋ የተለየ ቁጥር ብትሰጥ ለክተን እንለያቸው ነበር። አሁን ባሉበት ሁኔታ የትኛዋ ትክክል እንደሆነች አላውቅም።»

ቀና ስል የአባቴ ወንበር ባዶ ነው።

ፈታኞቹ ተመካክረው ሲወጡ አማካሪዬ ፈገግ ብለዋል። «እዚሁ ከኛ ጋር ትቀሪያለሽ» አሉኝ። አመስግኜ እንኳ አልጨረስኩም፤ ወደ ፒያሳ በረርኩ። ቤት የሉም። መንደሩን ስዞር ቸርችል ጎዳና አናት ላይ ካለ ልብስ መሸጫ ውስጥ አገኘኋቸው። ባለሱቁ ባንኮኒው ላይ ብርድ ልብስ ዘርግቶላቸው ውፍረቱን በጣታቸው እየዳበሱ ነው።

«ለደጋ የሚሆን ይሁን» ይላሉ። «ልጄ ሩቅ ልትመደብ ነው።»

ያኔ ገባኝ። በእሳቸው ጉባኤ ለመመረቅ ቀርቦ ለመምህሩ ጥያቄ «አላውቅም» ያለ ተማሪ አይመረቅም፤ መጽሐፉን እንደገና ከአንድ ጀምሮ ይቀጽላል፣ ይማራል ማለት ነው። ያቺን ቃል ከአፌ ሲሰሙ ወደቀች ብለው፣ ውድቀቴን ላለማየት ወጥተዋል።

«አባባ፣ እዚሁ አስቀሩኝ» አልኳቸው።

«አላውቅም እያልሽ?»

«የጠየቁኝ እነሱም የማያውቁትን ነው።»

ባለሱቁ «ታዲያ ልጠቅልለው ወይስ ልመልሰው?» አለ። አባቴ አልሰሙትም። የብርድ ልብሱን ጫፍ እንደያዙ ቆሙ።

«ስመጣ መንገድ ላይ ያሰብኩት የአንቺን ብርድ አልነበረም» አሉኝ። «ማታ በሩን ስዘጋ ውስጥ ማን ይኖራል እያልኩ ነው የመጣሁት።»

ክንዳቸውን ያዝኩና አብረን ወደ ቤት ሄድን።