የአባባ ጀርባ

መካኒሳ መንገድ ዳር ለእንቁጣጣሽ የሚሸጠው ቄጤማ ሸተተኝና ገዝቼ ገባሁ። ሳሎኑን ጎዝጉዤ ቀና ልል ስል ወገቤን ያዘኝ። ምን አደርጋለሁ፣ እዚያው በደረቴ ተዘረጋሁ።

አባባም እንዲህ ነበር የሚተኛው። በደርግ ጊዜ ነፋስ ስልክ፣ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ጆንያ ተሸካሚ ነበር። እሑዱን ስብሰባ ስለሚወስድበት ለእኛ የሚተርፈን በበዓል ብቻ ነው። አንድ እንቁጣጣሽ ቁርስ እንደበላን ሸሚዙን አውልቆ ቄጤማው ላይ ተኛና «በሉ ኑ፣ ርገጡኝ» አለን። እኔና እህቴ ግድግዳውን ተደግፈን ጀርባው ላይ ወጣን። የእርጥብ ቄጤማና የላብ ሽታ ከእግራችን ሥር ይመጣል። ትከሻው ድንጋይ ነው።

«እህ… እሷ ጋ። እሷ ጋ ቁሙ።»

እየሳቅን ስንረግጠው ማንኮራፋት ጀመረ። ወዲያው በሩ ተንኳኳ፤ የቀበሌው ጥበቃ ነበር።

«ነገ የአብዮት በዓል ሰልፍ ነው፤ በሌሊት እንዲወጣ ንገሪው» አላት እማዬን።

እኛ ልንወርድ ስንል አባባ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ «ነገ የእነሱ ነኝ። ዛሬ አትውረዱ» አለን።

እግራችን እስኪደነዝዝ ቆምንበት።

አሁን ልጄ ከክፍሏ ወጥታ ቄጤማው ላይ ተዘርሬ አገኘችኝ።

«ነይ እስቲ፣ ጀርባዬ ላይ ውጪ» አልኳት።

«አባዬ ደግሞ! ትልቅ ሰው እኮ ነኝ፤ እሰብርሃለሁ።»

«ግድ የለም፤ አንድ እግርሽን ብቻ አሳርፊ።»