አውሮፕላን ያስቆመች «ኖር»

ይህ የገጠመኝ አምና ነው። ከአእምሮዬ የማይጠፋው እንደዚያን ቀን አፍሬ ስለማላውቅ ነው።

ቶሮንቶ ያለችው እኅቴ ሴት ልጅ ወለደችና ለክርስትናዋ አባታችንን ይዤ እንድመጣ ቲኬት ላከችልን። እኔ ዘመሮ ከተማ ላይ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ አባቴ ከገብስና ከበግ ሌላ ጣጣ የሌለባቸው የመንዝ ገበሬ ናቸው። ክርስትናው እሑድ፣ ጉዟችን ዓርብ። ከዘገየን አለቀ፤ የሴት ልጅ ሰማንያ ቀን አይገፋ ነገር!

እኛ አገር ሰው ሲመጣ ብድግ ብሎ «ኖር» ማለት ደንብ ነው። መጪው «በእግዜር» ካላለ አይቀመጡም። ከአዲስ አበባ ስንነሣ ያገራችን ሰው ስለሞላ «በእግዜር» ባይ አልጠፋም። ጉዱ የመጣው መንገድ ላይ አውሮፕላን ስንቀይር ነው።

በዙሪያችን ያለው ሁሉ ፈረንጅ ሆነ። አንዱ ሻንጣውን እየጎተተ ባለፈ ቁጥር አባቴ ብድግ! «ኖር!» ማን ይመልስላቸው? ከላይ ያለው የሻንጣ ማስቀመጫ ግንባራቸውን አቀመሳቸው።

«አባዬ፣ በሞቴ ይቀመጡ!»

«አንቺ ምን አገባሽ? የመጣሽው አንቺ ነሽ?»

በሩ ተዘግቶ አውሮፕላኑ መንቀሳቀስ ሲጀምር አንድ ቀይ ፀጉር ያለው አስተናጋጅ ቀበቶ እያየ መጣ። አባቴ ቀበቷቸውን ፈትተው ተነሡለት። እሱ በጣቱ ወንበሩን አሳያቸው። ንቅንቅ የለም።

«እንደ ውሻ ይጠቁመኛል እንዴ? አፍ የለውም?»

አውሮፕላኑ ቆመ። አስተናጋጁ ፊቱ ቲማቲም መስሎ፣ «ካልተቀመጡ ሁለታችሁም ትወርዳላችሁ» አለኝ። ከልጅቷ በፊት እኔ በላብ ተጠመቅሁ። በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛዬ የመንዝን ደንብ እንዴት ላስረዳው? እጁን ጨብጬ «ፕሊስ፣ ሴይ በእግዜር! ሴይ በእግዜር!» እያልሁ ለመንሁት። ያበድሁ መሰለው። እኔ ደግሞ አልለቅም አልሁ።

«ቤግዛ» አለ በስተመጨረሻ።

«ተባረክ! ይኸው፣ ሲፈልግ ያውቅበታል!» አሉና አባቴ ቁጭ አሉ። ቀበቶውን ራሱ አሰረላቸው።

ለባልደረቦቹ ነግሯቸው ነው መሰለኝ፣ ከዚያ በኋላ አስተናጋጅ በሙሉ ገና ከሩቅ «ቤግዛ! ቤግዛ!» እያለ ያልፍ ጀመር። አባቴም እንደ ደብር አለቃ ራሳቸውን እየነቀነቁ ተቀበሏቸው። «ፈረንጅ መልካም ነው፤ ያስተማረው አጥቶ ነው እንጂ» አሉኝ።

ዛሬ ሳስበው ሀፍረቴ በኖ ጠፍቷል። ወርደን ቢሆን ኖሮ ግን የእሑዱን አናይም ነበር። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሕፃኗን አስታቀፍናቸውና አዲሱ ጋቢያቸው ላይ ለቀቀችባቸው። እኅቴ ልትቀበላቸው ብትሮጥ እንቢ አሉ፤ እንባቸው በጺማቸው ላይ ይወርዳል።

«ተያት፣ ትሽናብኝ! ባሕር የተሻገርሁት ለዚሁ አይደል?»