ፋርማሲ የላኩኝ ሲስተር

ሲስተር ለተብርሃን ባለፈው ወር፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ መቀሌ ዓዲ ሓቂ በሚገኘው ቤታቸው ዐርፈዋል። ሠላሳ ዓመት በነርስነት አገልግለው በጡረታ ላይ ነበሩ። በለቅሶው ላይ ስለ ደግነታቸው የሚናገር ብዙ ነበር። እኔ ግን ሰባት ዓመት ጠርጥሬያቸው የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ለምታውቋቸው ሁሉ የምጽፈውም ስለዚያ ነው።

እኔና ታናሽ እህቴ ጽጌ ከሸዋ መጥተን መቀሌ በመንግሥት ሥራ የኖርን ነን። ጽጌ ታማ ሆስፒታል በገባች ጊዜ፣ ጉበቷ ከእንግዲህ እንደማይድን ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ ነገረኝ። እንደ ልማዳችን፣ ለእሷ ጨጓራ ነው አልናት። ወዲያው የክፍሉን ነርስ ሲስተር ለተብርሃንን ፈልጌ፣ አንዳች ነገር እንዳይነግሯት አስጠነቀቅኋቸው።

«እኔ ሄጄ አልነግራትም» አሉኝ። «ከጠየቀችኝ ግን አልዋሻትም፣ ሓፍተይ።»

እህቴ ብለው መጥራታቸው አላለዘበኝም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወንበሬን በአልጋዋና በበሩ መካከል አኖርኩ። ሲስተር ለተብርሃን ሲመጡ ሰዓታቸውን ፈትተው ኪሳቸው ይከቱና አልጋዋ ጫፍ ላይ ይቀመጡ ነበር። የሚቸኩል ነርስ እንጂ የሚቀመጥ ነርስ አይቼ ስለማላውቅ፣ ምን ፈልገው ነው አልኩ። ጥጉ ላይ ጠያቂ የሌላቸው አንዲት ከወሎ የመጡ እናት ተኝተው ነበር። ሲስተር ከንፈራቸውን በእርጥብ ጥጥ ሲያርሱላቸው፣ እንደለመኗቸውም አልጋቸውን ወደሚሰግዱበት አቅጣጫ ገፍተው ሲያዞሩላቸው አየሁ። እኚህንስ ምን ነግረዋቸው ይሆን ብዬ አሰብኩ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ማዘዣ ሰጡኝና መድኃኒት ከውጭ እንድገዛ ላኩኝ። ሦስት ፋርማሲ ዞሬ ስመለስ የጽጌን ጸጉር ሹሩባ እየሠሩላት አገኘኋቸው። ይሳሳቁ ነበር፤ ስገባ ዝም አሉ።

«ምን ተገኘ?» አልኩ።

«ሹሩባ ነዋ!» አለች ጽጌ። «አንቺማ አርባ ዓመት ጸጉሬን ስትነጪኝ ኖረሻል። እጅ ማለት እንዲህ ነው!»

በማግስቱ የንስሐ አባቷ መጡ። ሌላ በሽተኛ ሊጠይቁ መጥተው ነው አለችኝ። ሲወጡ ከኋላቸው ሄጄ አየሁ፤ ሌላ አልጋ ዘንድ አልደረሱም። ሲስተር ለተብርሃንን አንሶላ ሲያጥፉ አገኘኋቸው።

«ነግረዋታል!»

«እህትዎን ይጠይቋት» አሉኝ፣ አንሶላውን ሳይለቁ።

አልጠየቅኋትም። እስከ መጨረሻው «ይቺ ጨጓራ» እያለች፣ ቄሱ በመጡ በአራተኛው ቀን ዐረፈች። ለግንዘት የመጡት ሴቶች ጸጉሯን ለዚሁ ቀን የታሰበ ያህል ተሠርቶ አገኙት። ያን ጊዜ እንደነገሯት እርግጠኛ ሆንኩ። ከዚያ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ሳያቸው መንገድ እቀይር ነበር።

ባለፈው ክረምት መታመማቸውን ሰምቼ ሄድኩ። የሄድኩት ለመጠየቅ ብቻ አልነበረም። የወንድማቸው ልጅ ትርሓስ በሩ ላይ ያዘችኝና እናቴ ብላ ለመነችኝ።

«ኣደይ፣ አደራ፤ አልተነገራቸውም። ጨጓራ ነው ብለናቸዋል።»

ለሠላሳ ዓመት ነርስ!

ሲስተር ለተብርሃን እንዳዩኝ፣ መድኃኒት አልቆብኛል ብለው ትርሓስን ፋርማሲ ላኳት። በሩ ሲዘጋ ፈገግ አሉ።

«አሁን ይጠይቁኝ።»

«ነግረዋት ነበር?»

«የነገረችኝ እሷ ናት፤ በገባች በሁለተኛው ቀን። ‹ማወቄን ዘበኛዬ እንዳትሰማ፤ ጨጓራ ነው ስትለኝ ቀለል ይላታል› አለችኝ። ቄሱንም ያስጠራችኝ እሷ ናት። ሹሩባውንም፣ ሲያጥቡኝ ጸጉሬ እንዳያስቸግራቸው ብላ።»

ሊያጽናኑኝ ይሆናል ብዬ ይህንንም ጠረጠርኩ። ነገር ግን ጽጌ ዘበኛዬ ትለኝ የነበረው በልጅነታችን ነው፤ ከቤታችን ውጭ የሚያውቀው አልነበረም።

«ታዲያ ለምን ሳይነግሩኝ ቆዩ?»

«በሕይወት ሳለች ቃሏን ጠበቅኩ። ከዚያ ወዲያማ መንገድ እየቀየሩብኝ እንዴት ልንገርዎ?» ጥቂት ትንፋሽ ወሰዱ። «በዚህ ሥራ የተማርኩት ይህን ነው። የሚሞት ሰው ያውቃል። ዝም የሚለው ለእኛ አዝኖ ነው።»

«እርስዎም?» አልኳቸው።

ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ወዲያው ትርሓስ ገባች።

«ይህ ጨጓራ ምን ያለው ነው!» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው።

«ጨጓራ ይዘገያል እንጂ ይድናል» አልኩ እኔም።

በለቅሶው ሦስተኛ ቀን ትርሓስ ጓዳ ጠራችኝ። «አክስቴ ያውቁ ነበር?» አለችኝ። ስለጠየቀችኝ አልዋሸኋትም። ፊቷ ጠቆረ። «ያን ቀን እኔ ፋርማሲ ስሄድ እርስዎ ነዎት የነገሯቸው!» አለች። ከዚያ ወዲህ ሰላምታዬን አትመልስም።

ሲስተር ለተብርሃን፣ እርስዎ እንዲህ ያለውን ፊት ሰባት ዓመት ችለው ኖሩ። እኔ ያን ያህል ዕድሜ ይቀረኛል ብዬ ስለማላስብ ቀድሜ ጻፍኩት። ትርሓስ አንብባ የምትጠይቀኝ ካለ ትምጣ፤ እመልስላታለሁ። ስለ ሹሩባው በሕይወት ሳሉ አላመሰገንኩዎትም፤ አሁን አመሰግናለሁ። ይረፉ፣ ሓፍተይ።